«የማን ልጅ ነው?»፦ ከደብረ ታቦር ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።



በአገራችን የአንድ ሰው ስም ለሹመት ወይም ለምርጫ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ያውቃል?» አይደለም። «አማና ቢሰጠው ይጠብቃል ወይ?» የሚለውም አይደለም። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። አባቱ ከታወቀ፣ አያቱ መሬት ከነበራቸው፣ ዘሩ «ንጹሕ» ከተባለ የቀረው ሁሉ ይታለፍለታል። ካልታወቀ ግን ዕውቀቱም ሆነ ጠባዩ አይመረመርም። ዛሬ ስለዚህች አጭር ጥያቄና በእርሷ ምክንያት በአገራችን ስለደረሰው ነገር እናወጋለን።

ጥያቄዋ አዲስ አይደለችም። በሱረቱል በቀራ እንደተነገረን በኒ ኢስራኢሎች ከሙሳ (ዐ.ሰ.) በኋላ ጠላት በበረታባቸው ጊዜ ነቢያቸውን ንጉሥ እንዲሾምላቸው ለመኑ። ነቢዩም አላህ ጧሉትን እንደ መረጠላቸው ነገሯቸው። ሰዎቹ ግን ደስ አላላቸውም። ከእርሱ ይልቅ እኛ ለንግሥና እንቀርባለን አሉ፤ ሀብት የሌለው ሰው እንዴት ይነግሥብናል ሲሉም ተቃወሙ። የተሰጣቸው መልስ ሁለት ነገር የያዘ ነበር፦ ጧሉት በዕውቀትና በአካል ብርታት እንደ በለጠ፣ ሥልጣንንም አላህ ለሻው እንደሚሰጥ። ሰዎቹ የመዘኑት በሀብትና በማዕረግ ነው። አላህ ያስቀመጠው ሚዛን ግን ሥራውን መቻል ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እኛ ካለንበት ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ብዙ አይርቅም። በዘመነ መሳፍንት የኢትዮጵያ ትልቁ ሥልጣን የነበረው በዚያ ነው። በዚያች ከተማ ሁለት ጊዜ ማንም ያልጠበቀው እንግዳ ወደ ሥልጣን ወጥቷል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ከየጁ የመጣው አሊ ጓንጉል ነው። እንግድነቱ ምን ያህል እንደነበረ ለመረዳት የጎንደርን ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። በዚያ ሥርዓት ዘውድ የሚጭነው የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ብቻ ነበር። ሙስሊሙማ ከዘውዱ አልፎ ከመኖሪያም የተለየ ነበር። በ1660 ዓ.ም. በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው መንደር እንዲቀመጡ ወሰነ። አባቶቻችን ወደ ሱዳንና ወደ ምጽዋ ቅፍለት የሚመሩ ነጋዴዎች፣ ሸማ የሚሠሩ ሸማኔዎች ነበሩ። ከተማው በእጃቸው ሥራ ይለብስ ነበር፣ በንግዳቸውም ይጠቀም ነበር። ርስት ግን አልነበራቸውም።

አሊ የወጡት ከሙስሊም ቤት ነው። ቤተሰቡ «ወረ ሼህ» ይባል ነበር፤ የሼሁ ቤተሰብ ማለት ነው። አሊ ጦር አደራጅተው በ1776 ዓ.ም. አጼ ተክለ ጊዮርጊስን ከዙፋን አወረዱና ራስ ተብለው የአገሩን ሥልጣን ያዙ። ከእርሳቸው በኋላም ወንድማቸው ራስ አሊጋዝ፣ ራስ ጉግሣ፣ የጉግሣ ልጆች ራስ ይማም፣ ራስ ማርዬና ራስ ዶሪ፣ በመጨረሻም ትንሹ ራስ አሊ ተፈራረቁ። ቤቱ ለ70 ዓመት ያህል ገዛ። ንጉሠ ነገሥት የሚባሉት ጎንደር ላይ ተቀምጠው ስም ይይዙ ነበር። የሚሾመውና የሚሽረው ግን በደብረ ታቦር ያለው ራስ ነበር።

ታዲያ ያ ሥልጣን በነጻ አልተገኘም። ራስ አሊ ክርስትና ተነሱ። የሼሁ ቤት ልጅ የአባቶቹን ሃይማኖት ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ገባ። በልባቸው ምን እንደነበረ አላህ ያውቃል፤ በሰው ልብ ላይ አንፈርድም። እኛ የምናየው ውጤቱን ነው። ያን ሁሉ ከፍለው ዘውድ ሊጭኑ ቻሉ ወይ? አልቻሉም፤ የሰሎሞን ዘር አይደሉምና። እምነትስ ተጣለባቸው ወይ? አልተጣለም።

ለዚህ ማስረጃው በ1834 ዓ.ም. የተደረገው የደብረ ታቦር ጦርነት ነው። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ከግብጽ አዲስ የመጡትን አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈው በትንሹ ራስ አሊ ላይ ዘመቱ። ሰው የቀሰቀሱበት አንዱ ምክንያት ራስ አሊ በውስጣቸው ሙስሊም ናቸው የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና ከተነሱ 58 ዓመት አልፏል። ራሳቸው ራስ አሊ የተወለዱት በክርስቲያን ቤት ነው። ሆኖም «የማን ልጅ ነው?» ለሚለው ሰው ይህ ሁሉ አልበቃውም። በጦርነቱ ድል የቀናቸው ውቤ ነበሩ፤ ራስ አሊ ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድሉ ደስታ ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ የራስ አሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። ራስ አሊም ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። በዚያ ቀን ሥልጣናቸው ከጥፋት ተረፈ። ስማቸው ግን ከጥርጣሬ አልተረፈም።

ከዚህ ቤት የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ዲኑን ለወንበር የሰጠ ሰው ዲኑንም ያጣል፤ ወንበሩንም በሙሉ አያገኝም። ዋጋ አስከፋዩ «ገና ይቀርሃል» ማለቱን አይተውም።

ሁለተኛው እንግዳ ካሣ ኃይሉ ነው። ካሣ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ፣ ከጣና በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ ነው። አባቱ ከቋራ ባላባቶች ወገን ናቸው። እርሱ ግን ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱ፤ እናቱም ተቸገሩ። ኮሶ ሸጠው አሳደጉት እየተባለ ተወራ። ኮሶ በዚያ ዘመን ባለጌውም ጨዋውም የሚጠጣው መድኃኒት ነው። መድኃኒት ሸጦ ልጅ ማሳደግ ነውር አልነበረም። በመኳንንቱ አዳራሽ ግን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» መባል ትልቅ ስድብ ነበር። ካሣ በገዳም ትንሽ ተምሮ፣ የዘመዶቹን ርስት ሌላ ሲወስድበት ወደ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። በመንገድ ዘርፎ ያገኘውንም ለተከታዮቹ ያካፍል ነበር። ኃይሉ እየበረታ ሲሄድ ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን ሊያባብሉት ፈልገው የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እቴጌ መነን ማን ናቸው? የወሎው የሊበን አመዴ ልጅ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት የወጡ ናቸው። እርሳቸውና ልጃቸው ዘራቸው ሲጠረጠር፣ አባቶቻቸው ሲቆጠሩባቸው የኖሩ ናቸው። የመናቅን ምሬት ከማንም በላይ ያውቁታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን አማቻቸውን የናቁት በዚያው በዘር ሚዛን ነው። ትናንት «የሼሁ ልጅ» ተብሎ ደጅ የቆመው ቤት ዛሬ ሌላውን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ደጅ ዘጋበት።

ካሣም ተቀየመና ሸፈተ። ወንድይራድ የሚባል የእቴጌይቱ የጦር አለቃ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ እንደ ዘመተ፣ ሲማረክም ካሣ ኮሶ እንዳስጠጣው ይተረካል። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ጦር ይዘው ወጡ፤ ከጣና በስተ ሰሜን ተሸንፈው በካሣ እጅ ተማረኩ። ልጃቸው እናታቸውን ለማስፈታት አገር ለቀቁለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ። በሚያዝያም ከጎርጎራ አቅራቢያ ራስ አሊ የላኩትን ጦር ድል አደረገ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራሳቸውን ራስ አሊን ገጠመ። ራስ አሊ ተሸንፈው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ፤ የወረ ሼህ አገዛዝም በዚያው አበቃ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸንፎ፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም አጼ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የቀባቸውም በደብረ ታቦር ጦርነት ከውቤ ጎን የነበሩት አቡነ ሰላማ ናቸው።

ስለ አጼ ቴዎድሮስ ፍትሕ ያለበትን መናገር ይገባናል። የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ደክመዋል። የባሪያ ንግድን ለማስቆም አዝዘዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ እንዲሠራ አድርገዋል፤ የእጅ ሙያ የተናቀ በነበረበት አገር ባለሙያን አክብረዋል። ይህ ከበጎ ሥራቸው ይቆጠራል።

ነገር ግን በዘሩ የተናቀ ሰው ሥልጣን ሲይዝ የዘርን ሚዛን ሰበረ ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ አልሰበረውም ነው። እርሳቸውም የሰሎሞን ዘር ነኝ አሉ። ሚዛኑን ከመጣል ይልቅ ራሳቸው በሚዛኑ ላይ ወጡ። ከዚያም ሚዛኑ ሌላውን ተጫነ። በነገሡበት ዓመት የመጀመሪያ ዘመቻቸው በሙስሊሙ ወሎ ላይ ነበር፤ ወሎም እስከ መጨረሻው ዘመናቸው ከሰይፍ አላረፈም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎይቱ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት በኩል ወደ ሸዋ ሲያልፉ አጼው በንዴት በእስር ይዘዋቸው የነበሩትን የወሎ ሰዎች አስገደሉ። የወርቂት ልጅ ከገደል ከተወረወሩት አንዱ ነበር። እናት እንግዳ በማሳለፏ ልጅ ተቀጣ። ይህም ያው ጥያቄ ነው፦ «የማን ልጅ ነው?»

ግፉ በእኛ ወገን ብቻ አላቆመም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አብረዋቸው የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ግፍ ከሙስሊሙ ጀምሮ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሰ። በጎረቤት ላይ ሲፈጸም ዝም የተባለ በደል ነገ አድራሻውን ቀይሮ ይመጣል።

ከዚያ በኋላም ጥያቄዋ አልሞተችም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነስተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክ ወራሽ ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰልመዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። ውቤ በራስ አሊ ላይ ያነሱት ክስ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ በአዲስ አበባ ተደገመ።

በሩን ያስከፈተው ዘር አልነበረም፤ የሕዝብ ድምፅ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ የሃይማኖት እኩልነት ጠየቀ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወንድሞቻችንም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሙስሊሙ ገበሬም እንደ ጎረቤቱ መሬት አገኘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ በሃይማኖቱ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ደነገገ። ራስ አሊ በደጃፍ የከፈሉትን ዋጋ ዛሬ ሕግ ማንንም አይጠይቅም። ስሙን ሳይለውጥ፣ ሶላቱን ሳይተው፣ የሼሁ ልጅ የሼሁ ልጅ እንደ ሆነ ለምርጫ መቅረብ ይችላል።

ሕጉ ይህን ካለ በእኛ በኩልስ? እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እንናገር፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነውና።

ከዓመታት በፊት በአንድ መስጂድ የኮሚቴ ምርጫ ላይ ተገኝተን ነበር። ለገንዘብ ያዥነት የአንድ ወጣት ስም ተጠቆመ። ሒሳብ የተማረ ነው፤ በንግዱ አንድ ሰው «አጎደለብኝ» ብሎት አያውቅም፤ የሱብሒ ጀመዓ አይቀርበትም። ከወደ ኋላ አንድ አባት ጎናቸው ላለው ሰው «አባቱ እኮ ቀጥቃጭ ነው» ሲሉ በሹክሹክታ ተናገሩ። ሹክሹክታው ከሰፍ ሰፍ ዞረ። እጅ ሲቆጠር ወጣቱ ወደቀ። እኛ ከፊት ተቀምጠን ሰምተናል፤ ሽማግሌ እንዳናስቀይም ብለን ዝም አልን። የዚያኑ ዕለት ኹጥባ ላይ ግን ስለ ቢላል (ረ.ዐ.) ተናግረን ነበር።

ወጣቱ ከዚያ ወዲህ በዚያ መስጂድ አልታየም። ቆይተን ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። «ምንም አይደለም፣ ኢማም» አለን፤ ቡናም አስፈላልን። ነገር ግን እናቱ ሲኒውን ሲያቀርቡልን ቀና ብለው አላዩንም። ያን ቀን ውቤን፣ እቴጌ መነንንና አጼ ቴዎድሮስን የምንወቅስበት አፋችን ተያዘ። ወንበሩ ትንሽ ስለሆነ በደሉ ትንሽ አይሆንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ.) የጦር አዛዥ አድርገው ሾመው ነበር። ኡሳማ ዕድሜው 20 ያልሞላ ወጣት ነው። አባቱ ዘይድ ነጻ የወጣ ባሪያ ነበር፤ እናቱ ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ናት። በሠራዊቱ ውስጥ ግን ታላላቅ ሶሓባዎች ነበሩ። አንዳንዶች ሲያጉረመርሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሕመማቸው ተነስተው ወጡ፤ በአባቱም ሹመት እንዲሁ እንዳጉረመረሙ አስታውሰው አባትም ልጅም ለሹመቱ የሚገቡ መሆናቸውን ተናገሩ። በሕመም ላይ ሆነው እንኳ ዝም ያላሉበትን ነገር እኛ በጤናችን ዝም ማለት አልነበረብንም።

እንግዲህ ሚዛኑ ምን ይሁን? ኢስላም ሹመትን አማና አድርጎታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሹመትን እንዳንጎመጅ አስጠንቅቀዋል፤ ለሚወዱት ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) እንኳ ለዚህ ሸክም ደካማ መሆኑን ነግረው አልሾሙትም። በሌላ በኩል ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ረሃብ ሲመጣ የግብጽን ጎተራ እንዲሾሙበት ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ጠባቂና ዐዋቂ ነበሩና። እስረኛና የባዕድ አገር ሰው ሆነው ሕዝብን ከረሃብ አዳኑ። ሁለቱ አይጋጩም። ለክብር የሚፈልገው ይቅርበት፤ የሚችልና የሚታመን ግን አይሽሽ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወይም ሴት ልጃችሁ ሕዝብን ላገልግል ስትል «እኛን ማን ይመርጠናል» ብላችሁ አታስቀሩ። ይልቁንም ሁለት ነገር ጠይቋት፦ ሥራውን ታውቂዋለሽ ወይ? ዲንሽን ሽጪ ቢሉሽ ትተሽው ለመውጣት ቆርጠሻል ወይ? ድምፅ የምትሰጡ ደግሞ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ አትምረጡ፤ ሙስሊም ስላልሆነም አትተዉት። ግፈኛ ሙስሊም ለሙስሊሙም አይበጅም። ፍትሐዊ ሰው ግን ከየትም ይምጣ ለሁሉም ይበጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች በነጃሺ አገር የዳኑት በዚህ ነው።

እናንተ ከታች ተነስታችሁ ለመውጣት የምትጥሩ ወጣቶችም ከካሣ ታሪክ ይህን ያዙ። የተናቃችሁበትን ቁስል ወደ ወንበር ይዛችሁት አትግቡ። በንቀት የተገፋ ሰው ሲሾም ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በሩን ከኋላው ለሚመጣው ክፍት ይተዋል፣ ወይ እርሱ የገባበትን በር በሌላው ላይ ይቀረቅራል።

በጧሉት ታሪክ ጀምረናልና በእርሱ እንጨርስ። በዚያ ሠራዊት ውስጥ ስሙ ያልተነሳ አንድ ወጣት ነበር። ጃሉትን የገደለው ያ ወጣት ነው፤ አላህም ንግሥናና ጥበብ ሰጠው። እርሱም ዳውድ (ዐ.ሰ.) ናቸው። አላህ ብረትን አለሰለሰላቸው፤ በእጃቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ከእጃቸው ሥራም ይበሉ ነበር። ነቢይና ንጉሥ የነበሩት ሰው ብረት ሠሪ ነበሩ ማለት ነው። በእኛ መስጂድ ለገንዘብ ያዥነት ቢጠቆሙ ያ ሹክሹክታ ይነሳባቸው ነበር። አላህ ከዚህ ይጠብቀን።

አላህ ሆይ፣ አማናን ለሚጠብቅ ሰው አማናን ስጥ። ምላሳችንን ከንቀት፣ ዝም ማለት ከማይገባን ቦታ ዝምታችንን አርቅልን። አገራችንን በፍትሕ ጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።